ልክ

ጥር ነው፤ ትሪየስቴ። ቦራ የሚሉት ነፋስ
ከኮረብታው ወርዶ ወደቡን ሲያተራምስ፣
ማዘጋጃ ቤቱ በየጥጉ የወጠረውን ገመድ
መንገደኛው ሁሉ በሁለት እጁ ጨብጦ ሲሄድ፣
እኔ ምድር ቤት ነኝ፤ መስኮት የለሽ ክፍል፣
ወለሉ ላይ በቢጫ ፕላስተር መሥመር ስስል።
ከዚህ እስከዚያ አራት ሜትር፤ በእጄ የሩጫ ሰዓት።
ለሁሉም አንድ ቃል፦ «እንደ ልማድዎ ይራመዱልኝ» ማለት፤
አምስት ሰከንድ ካለፈ «አቅመ ደካማ» ብሎ መጻፍ።
እንጀራዬ ይኸው ነው፤ ኮቴ ቆጥሮ ሰንጠረዥ ላይ ማሳረፍ።

ተሳታፊ ሠላሳ አንድ። ስማቸው ከመዝገብ አይወጣም፤
ለእናንተ ኒቬስ ልበላቸው፤ እሱም የእሳቸው አይደለም።
ሰማንያ ሰባት ዓመት። በቀን አሥራ አንድ ክኒን፦
ለግፊት፣ ለስኳር፣ ለእንቅልፍ፣
የእንቅልፉ ክኒን ላመጣው ማዞር፣
ማዞሩ ላመጣው ሐዘን።
የእኛ ጥያቄ አጭር ነው፦ ግማሹን ቀስ እያልን ብናስቀር
ይጸናሉ ወይስ ይወድቃሉ?
የማን ብልቃጥ መድኃኒት፣ የማን ዱቄት እንደሆነ
ኮምፒውተሩ ብቻ ያውቃል፤ ከእኔም ከእሳቸውም የተሸፈነ።

«ባሌስ?» አሉ የመጀመሪያው ቀን።
ሊቪዮ ዘጠና ሁለት ናቸው፤ ኩላሊታቸው የሰነፈ፣
ትዝታቸው እንደ አሮጌ ሸማ የሳሳ፣
ከነዚያው ክኒኖች ሰባቱን በየማለዳው የሚውጡ።
መስፈርቱን ገለጥኩ። አንቀጽ ስድስት አያስገባቸውም፤
ለደካሞች ጥናት
ከልክ በላይ ደካማ ናቸው።

ሳቁ። አርባ ዓመት ለመርከብ ሸራ የሰፉ ሴት ናቸው።
«እንግዲያው ይኸ መድኃኒት» አሉ፣ «በጎረምሳ ትከሻ
ተለክቶ የተሰፋ ካፖርት ነዋ!
ሽማግሌ ሲለብሰው እጅጌው ይረዝማል፣
ጫፉ መሬት ይጠርጋል፣ ረግጦት ይወድቃል፤
ከዚያ እናንተ መጥታችሁ ‹እርጅና ጣለው› ትላላችሁ።»
ቅጹ ላይ «አስተያየት» የሚል ሳጥን አለ፤
ሃምሳ ፊደል ብቻ ይይዛል።
«ካፖርት» ብዬ ጽፌ ተውኩት።

ዛሬ ሦስተኛው ቀጠሮ። አርባ ደቂቃ ዘግይተው፣
ባርኔጣቸውን ነፋስ ወስዶት፣ መዳፋቸውን ገመድ ልጦት፣
ከአውቶቡሱ ማቆሚያ ያንን ሁሉ ዳገት
በእጃቸው ወጥተውት፤
«ይቅርታ» አሉ፣ «ገመዱ ላይ ሰልፍ ነበር።»

ቢጫው መሥመር ላይ አቆምኳቸው። ይራመዱልኝ።
ሰባት ሰከንድ ከሁለት። ደካማ።
የብረቱን መጨበጫ ሰጠኋቸው፤ አሥራ አንድ ኪሎ ላይ ተንቀጥቅጦ ቀረ፤
ጉልበታቸው ውጭ፣ ገመዱ ላይ ነበረ።
«በምን ነፋስ መጡ?» የሚል ሳጥን ቅጹ አላበጀም።

«ይረፉ» አልኩ፤ ደንቡ ሦስት ሙከራ ይፈቅዳል።
የእሳቸው ዓይን ግን ጋዋኔ እጅጌ ላይ ነው፤ ጠርዙ ተተርትሯል።
ከቦርሳቸው መርፌ አወጡ፤ መነጽራቸውን ወደ ግንባር ገፍተው
የክሩን ጫፍ በምራቅ አሾሉት።
ሳላስበው ጣቴ ሰዓቱን ተጭኗል፦
ሦስት ሰከንድ። ክሩ ከቀዳዳው አልፏል።
ለዚህም ሳጥን የለም።

ክንዴን ይዘው እየሰፉ፣ «ውጤቱ መቼ ይታወቃል?»
«በአራት ዓመት። ምናልባት በአምስት።»
መርፌዋ ትንሽ ቆመች። «ለሊቪዮ አይደርስም።
ለእኔም እንጃ።» ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።
«አንተ ስታረጅ ግን ልክህ ይሆናል።»

ተነሡ፤ ወንበሩን ሳይደገፉ፣ ማንም ሳይቆጥርላቸው።
ደረጃውን ወጥቼ ሸኘኋቸው። ነፋሱ የውጭውን በር
ግድግዳው ላይ ለጥፎ አልለቅ አለ፤
እኔ ከውስጥ ሳብኩ፣
እሳቸው ከውጭ ገፉ።